የከተማ ጥማትና የበረሃ ዓሣ

ከተማ ያለ ውኃ አይቆምም። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም፤ ማለዳ ተነሥቶ ቧንቧውን ሲከፍት ነፋስ ብቻ የወጣበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጀሪካን ይዛ ሰልፍ የቆመች እናት ደግሞ ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ነገር ለከተማ ውኃ መስጠት አይገባም የሚል ክርክር እንዳይመስል አስቀድመን ለአንባቢ እናስታውቃለን። የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ለከተማ የሚሰጠው ውኃ ከሰማይ በቧንቧ የወረደ አይደለም፤ ከወንዝ የተጠለፈ ወይም ከምድር ሆድ የተሳበ ነው። እንግዲያውስ ውኃው ከመወሰዱ በፊት በውስጡ ይኖር የነበረው ፍጥረት፣ ውኃው ከተወሰደ በኋላ ምን ሆነ? ይህስ የማን ኀላፊነት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከበረሃ የተሻለ አስተማሪ የለም። ዝናብ በበዛበት አገር ከወንዙ ጥቂት ቢቀዳ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ በበረሃ ግን አንዲት ጣሳ ውኃ ከየት እንደ ተነሣችና የት እንደ ገባች ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ለምሳሌ የመረጥነው በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘውን የአሪዞናን ምድር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በበረሃ መካከል የቆመች ከተማ

የአሪዞና ዋና ከተማ ፊኒክስ ትባላለች። የተቆረቆረችው በሶኖራ በረሃ ላይ ሲሆን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 200 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ እንደምታገኝ ስናስብ ድርቀቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገባናል። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ሆኖም በ2020 የተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በከተማይቱ ብቻ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ፣ በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ደግሞ ወደ 4.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መኖሩን አሳይቷል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ሣር ያጠጣል፣ በመዋኛ ይዋኛል። በረሃው ግን አሁንም ያው በረሃ ነው።

በዚያ ሸለቆ ውኃን በቦይ መምራት የተጀመረው ግን ዛሬ አይደለም። ሆሆካም እየተባሉ የሚጠሩት የጥንት ሕዝቦች እስከ 1450 ገደማ ድረስ በእጅ መሣሪያ ብቻ ብዙ መቶ ኪሎሜትር የሚሆን ቦይ ቆፍረው፣ ሶልት ከሚባለው ወንዝ ውኃ እየጠለፉ በቈሎና ጥጥ ያለሙ ነበር። ሶልት ማለት ጨው ማለት ነውና እኛም የጨው ወንዝ እንለዋለን። የአርኬዎሎጂ ሊቃውንት የሆሆካሞችን የፈረሰ መንደር ሲቆፍሩ በማድቤቱ ፍርስራሽ መካከል የትልልቅ ዓሦች አጥንት አግኝተዋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ትልቅ ምስክር ነው። ዛሬ አሸዋና ጠጠር ብቻ ተሰጥቶ በሚታይበት የወንዝ ወለል ቀድሞ ሰው አጥምዶ የሚበላው ዓሣ ይመላለስበት እንደ ነበር ያስረዳልና።

እነዚህ ዓሦች ምን ዓይነት ነበሩ? በመላው አሪዞና ነባር የሆኑት የዓሣ ዓይነቶች ወደ 36 የሚጠጉ ብቻ ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ብዙዎቹ ከዚያ የወንዝ ተፋሰስ ውጭ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከመካከላቸው ታላቁ የኮሎራዶ ፓይክሚኖ ሲሆን ርዝመቱ እስከ 1.8 ሜትር ይደርስ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ይኸውም ከብዙው ሰው ቁመት ይበልጣል ማለት ነው። ሬዘርባክ የሚሉት ደግሞ ከራሱ ኋላ ጀርባው እንደ ምላጭ የሾለና ከአርባ ዓመት በላይ የሚኖር ነው። በሌላው ጫፍ ከሰው ትንሽ ጣት የማትበልጥ፣ እንቁላል ሳትጥል ልጆቿን ሕያው አድርጋ የምትወልድ፣ የሂላ ቶፕሚኖ የምትባል ዓሣ አለች። ይህች ትንሽ ዓሣ በሂላ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ቀድሞ በየምንጩና በየረግረጉ በብዛት ከሚገኙት አንዷ ነበረች።

ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል እንደሚባለው፣ እነዚህ ዓሦች በአገራቸው ጠባይ የሠለጠኑ ነበሩ። የበረሃ ወንዝ ጠባይ እንደ ቁጡ ሰው ነው፤ ለወራት ዝም ብሎ ይከርምና በአንድ ሌሊት ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። ውኃው ይደፈርሳል፣ ይሞቃል፣ ይጐድላል፣ እንደገና ይሞላል። ነባሮቹ ዓሦች ጎርፍ ሲመጣ ጥግ ይዘው ይቆያሉ፤ ጎርፉ ሲሸሽ ታጥቦ በጠራው ጠጠር ላይ ይራባሉ። ለሌላው ጥፋት የሆነው ጎርፍ ለእነርሱ የመራቢያ ደወል ነበር።

ሦስቱ ለውጦች

የከተማ ውኃ ሥራ በእነዚህ ዓሦች ላይ ያመጣው ለውጥ በሦስት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው ለውጥ ለዓይን ግልጽ ነው፤ ውኃው ራሱ ጠፋ። በ1908 ግራኒት ሪፍ የሚባለው የመጥለፊያ ግድብ ከፊኒክስ በላይ ተሠራ። በ1911 ደግሞ ታላቁ የሩዝቬልት ግድብ ተጠናቆ ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሳቸው ተገኝተው መረቁት። ከዚያ በኋላ በዚያው በጨው ወንዝ ላይ በ1925፣ በ1927ና በ1930 ሦስት ግድቦች ተጨመሩ፤ ቨርዴ በሚባለው ገባር ወንዝ ላይም በ1939ና በ1946 ሁለት ግድቦች ቆሙ። ግድቦቹ በመጀመሪያ የታሰቡት ለእርሻ ነበር፤ እርሻው እየቀረ ከተማው ሲሰፋ ግን ውኃው ከማሳ ወደ ቧንቧ ዞረ። ከግራኒት ሪፍ በታች የወንዙ ውኃ በሙሉ ወደ ግራና ቀኝ ቦዮች ስለሚገባ፣ በከተማይቱ መካከል የሚያልፈው የወንዝ አልጋ ከጎርፍ ቀን በቀር ደረቅ ሆኖ ቀረ። ውኃ የሌለበት ወንዝ ደግሞ ዓሣ እንደማይኖርበት ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ለውጥ ከፊተኛው ይረቅቃል። ውኃ በቀረባቸው ስፍራዎችም ቢሆን የውኃው ጠባይ ተለወጠ። ግድብ ጎርፍን ያስቀራል፤ ደለልን ያስቀራል፤ ከሥሩ የሚለቀውም ውኃ የጠራና ቀዝቃዛ ነው። በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የተሠራው የግሌን ካንየን ግድብ በ1963 ውኃ መያዝ ከጀመረ በኋላ፣ በበጋ እንደ ሻይ ይሞቅ የነበረው የወንዙ ውኃ ከሐይቁ ጥልቅ እየተቀዳ የሚወርድ የበረዶ ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ሆነ። በግራንድ ካንየን ገደል ውስጥ የሚኖረው፣ እንደ በሬ በጀርባው ላይ ሻኛ ያለው ቸብ የሚባለው ዓሣ በዚያ ብርድ ሊራባ ስላልቻለ፣ ዘሩ በዋናነት የተረፈው ግድብ ያልነካው ትንሹ ኮሎራዶ የሚባለው ገባር ስላለ ነው።

ሦስተኛው ለውጥ የእንግዶች መምጣት ነው። ጸጥ ያለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲፈጠር ጸጥ ያለ ውኃ የለመደ ዓሣ ይመኙለታል። ካርፕ በ1880ዎቹ ገባ፤ ከዚያም ከአሜሪካ ምሥራቅ ክፍል ባስና የአምባዛ ወገን የሆኑ ዓሦች እየተጫኑ መጡ። የትንኝ እጭ ይበላል ተብሎ ጋምቡዝያ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በየኩሬውና በየቦዩ ተጨመረ። ይህ ጋምቡዝያ ግን እጭ ብቻ በልቶ አልረካም፤ የቶፕሚኖን ጫጩቶች በላ፣ የእናቶቹንም ክንፍ እየነከሰ አሳደዳቸው። ድሮ ደራሽ ጎርፍ ቢኖር ኖሮ እንግዶቹን ጠርጎ በወሰዳቸው፣ ነባሮቹንም ባስቀራቸው ነበር። አሁን ግን ጎርፉ በግድብ ታስሯልና ፍርዱ ለእንግዳው ሆነ።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ ይህን ሁሉ ያደረጉት ክፉ ሰዎች አለመሆናቸውን ነው። ግድቡን የሠሩት ሕዝቡ እንዳይጠማ ነው። ካርፑን ያደሉት ለድኻው ምግብ ይሆናል ብለው ነው። ጋምቡዝያን የጨመሩት ከወባ ለመዳን ነው። እያንዳንዱ ሥራ ብቻውን ሲታይ መልካም ነበረ፤ ሁሉ በአንድነት ሲደመር ግን አንድ የፍጥረት ማኅበር ፈረሰ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ልጅ የሌለበት መንደር

ጥፋቱ እንዴት ተሰውሮ እንደሚመጣ ከሞሃቪ ሐይቅ የሚበልጥ ምሳሌ አናገኝም። ይህ ሐይቅ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ፣ በአሪዞናና በኔቫዳ ድንበር በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የተፈጠረ የግድብ ሐይቅ ነው። በ1980ዎቹ በውስጡ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ሬዘርባክ ዓሣ ይኖርበት ነበር። ያየው ሁሉ ዓሣው በብዛት አለ፣ ምንም አልሆነም ይል ነበር። ባለሙያዎች የዓሦቹን ዕድሜ መርምረው ሲያዩ ግን እጅግ አስደናቂ ነገር አገኙ። ሁሉም ሽማግሌዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ግድቡ ገና ውኃ መያዝ በጀመረበት ጊዜ አካባቢ የተወለዱ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ በኋላ የመጣ ወጣት ትውልድ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ እንቁላል ይጥሉ ነበር፤ እንቁላሉም ይፈለፈል ነበር። ነገር ግን ጫጩቱ ገና ከጠጠሩ እንደ ወጣ ባሱና ሌላው መጤ ዓሣ ይውጠዋል። ስለዚህ አርባ ዓመት ሙሉ ሲወልዱ ኖረው ያደገላቸው አንድም አልነበረም ለማለት ይቻላል። በውጭ ሲያዩት የሞላ መንደር ነው፤ በውስጡ ግን የሕፃን ድምፅ አይሰማበትም። እንዲህ ያለ መንደር ሽማግሌዎቹ ሲያልቁ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። በእርግጥም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሽማግሌዎቹ የቀሩት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ።

ይሁን እንጂ ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የመንግሥት ባለሙያዎች በሌሊት በጀልባ እየወጡ፣ በውኃው ላይ መብራት እያበሩ፣ ወደ ብርሃኑ የሚሰበሰቡትን ከመርፌ እምብዛም የማይበልጡ ጫጩቶች በትንሽ መረብ እየቀዱ ይወስዳሉ። ጠላት በሌለበት ገንዳና ኩሬ ያሳድጓቸውና ባስ ሊውጣቸው ከማይችልበት መጠን ሲደርሱ ወደ ሐይቁ ይመልሷቸዋል። ወንዙ ራሱ ያለ ደመወዝ ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ መንግሥት ደመወዝ እየከፈለ ያሠራዋል ማለት ነው። በአንድ ቀን ፊርማ የጠፋው በአንድ ቀን ፊርማ አይመለስምና።

አንድ ቦይ የሚያገናኘው

ፊኒክስና ቱሶን እያደጉ ሲሄዱ የአካባቢው ወንዝ አልበቃቸው አለ። በ1968 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት ሕግ መሠረት ከኮሎራዶ ወንዝ ውኃ ወደ መካከለኛው አሪዞና የሚያመጣ ቦይ እንዲሠራ ተወሰነ። ሥራው በ1973 ተጀምሮ በ1993 ተጠናቀቀ። የቦዩ ርዝመት 540 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን ውኃው በታላላቅ ፓምፖች እየተገፋ ከ850 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። የመሐንዲሶቹ ሥራ የሚያስደንቅ ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም።

ነገር ግን ቦይ ውኃ ብቻ አያመላልስም። ከኮሎራዶ የተቀዳው ውኃ የኮሎራዶን መጤ ዓሦች፣ እንቁላላቸውንና ጫጩታቸውን ይዞ ወደ ሂላ ተፋሰስ ይገባል። ተራራ ለይቷቸው የኖሩ ውኆች በአንድ ቦይ ተጋቡ። የአሜሪካ የዓሣና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ይህን አይቶ በ1994 በሰጠው ውሳኔ፣ ነባር ዓሦች በቀሩባቸው እንደ አራቫይፓ ባሉ ትንንሽ ወንዞች ላይ እንግዳው ዓሣ ሽቅብ እንዳይወጣ የሚያግድ የኮንክሪት ግንብ እንዲሠራ አዘዘ። ትልቁ ቦይ ከተሠራ በኋላ ትንንሹ አጥር ተከተለ ማለት ነው። አጥሩ አስቀድሞ ታስቦ ቢሆን ምንኛ ባማረ!

የግሌን ካንየን ግድብ ጉዳይም ሌላ ትምህርት ጨመረ። ድርቅ በረታና በ2022 ከግድቡ በላይ ያለው የፓወል ሐይቅ ከተሞላ ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ። በዚህ ጊዜ ከሐይቁ ፊት አጠገብ ያለው ሞቃት ውኃ፣ በውስጡም ያለው ትንሽ አፍ ባስ የሚባለው ነጣቂ ዓሣ፣ በግድቡ ተርባይን በኩል አልፎ ወደ ታች ወረደ። በዚያው ዓመት ክረምት ባሱ ከግድቡ በታች መራባቱ ታወቀ። ቀድሞ ሻኛማውን ዓሣ የጐዳው የግድቡ ብርድ፣ በአንጻሩ ባሱን ከልክሎለት ኖሮ ነበር። በ2024 የግድቡ አስተዳዳሪዎች ባሱ እንዳይራባ ሆን ብለው ቀዝቃዛ ውኃ ከጥልቁ ቀላቅለው መልቀቅ ጀመሩ። ሰው የተፈጥሮን ሥርዓት አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ ከእጁ ሊያስቀምጠው አይችልም፤ ዘላለም ሲጠብቀው ይኖራል።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ተነሥቶ እንዲህ ሊለን ይችላል። «ዓሣ አልጠፋም፤ በፊኒክስ መናፈሻ ኩሬዎች ውስጥ ትራውትና አምባዛ እየተጨመረ ሕፃናት ያጠምዳሉ። በየሐይቁ ባስ ሞልቷል። ታዲያ ጣት የማታህል ዓሣ ብትጠፋ ምን ጐደለ?»

ይህ ጥያቄ ሊናቅ አይገባውም። እውነት ነው፤ ዛሬ በአሪዞና ውኆች ሥር የሰደዱት መጤ ዓይነቶች ከነባሮቹ በቁጥር ይበልጣሉ። በቁጥር ብቻ ለሚያስብ ሰው ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን እነዚያ ባስና ካርፕ በሺሕ በሚቈጠሩ ሌሎች ስፍራዎች የሚገኙ ናቸው። አንድ ቤተ መጻሕፍት በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸውን ብራናዎቹን ጥሎ በምትካቸው በየሱቁ የሚሸጥ ጋዜጣ ቢሞላበት፣ የወረቀቱ ብዛት ጨምሯልና በለጸገ አንለውም። የከተሞች ውኃ ሁሉ አንድ ዓይነት ዓሣ ሲይዝ ምድር በዚያው መጠን ትደኸያለች።

ሁለተኛም፣ ዓሣ የውኃ ምስክር ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ሲወርድ ከሰው ጉድጓድ በፊት የሚደርቀው የዓሣው ምንጭ ነው። መርዝ ሲገባ አስቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነው። የዓሣውን ሞት ያላየ መሥሪያ ቤት የሕዝቡን ጥማት ዘግይቶ ያየዋል።

ከሁለቱ ባልዲ የተረፈው

በዚህ ነገር ውስጥ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የሚሆን አንድ ታሪክ አለ። ከአሪዞና ወደ ምዕራብ፣ በካሊፎርንያ የኦውንስ ሸለቆ ይገኛል። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ1913 ባስመረቀችው 375 ኪሎሜትር ያህል በሚረዝም ቦይ የዚያን ሸለቆ ወንዝ ወደ ራሷ ወሰደች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የኦውንስ ሐይቅ ደርቆ አቧራ ሆነ። በሸለቆው ረግረግ ይኖር የነበረው ኦውንስ ፐፕፊሽ የሚባል ትንሽ ዓሣ ጠፍቷል ተብሎ ተጽፎ ሳለ በ1964 ጥቂቱ በአንድ ረግረግ ተገኘ።

ነሐሴ 18 ቀን 1969 ይህ የመጨረሻ ኩሬ በድንገት መድረቅ ያዘ። ፊል ፒስተር የሚባል በአካባቢው የተመደበ የመንግሥት የዓሣ ባለሙያ ይህን ሰምቶ ከባልደረቦቹ ጋር ሮጦ ደረሰ፤ የቀሩትን 800 ያህል ዓሦች ሰብስበው በሽቦ ቅርጫት አቆዩአቸው። ከዚያም ፒስተር ዓሦቹን በሁለት ባልዲ ይዞ ወደ ሌላ ውኃ አሻገራቸው። በዚያች ሰዓት የአንድ ፍጥረት ዘር በሙሉ በአንድ ሰው በሁለት እጆች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቢደናቀፍ ኖሮ ዘሩ አብቅቶ ነበር። አልተደናቀፈም፤ ዓሣውም ዛሬ አለ። ፒስተር ሚኒስትር አልነበረም፤ ደመወዝተኛ ነበር። ሥራውን ግን ከደመወዙ በላይ ያውቀው ነበር።

ሕግም ከዚህ ወደ ኋላ አልቀረም። በኔቫዳ ዴቪልስ ሆል በሚባል አንድ ጕድጓድ ብቻ የሚኖር ሌላ ትንሽ ዓሣ አለ። በአቅራቢያው የእርሻ ጉድጓዶች ውኃ ሲስቡ የጕድጓዱ ውኃ እየጐደለ ዓሣው የሚራባበት የድንጋይ ደረጃ ሊጋለጥ ሆነ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1976 ዳኞቹ የሚሳበው ውኃ እንዲወሰን ፈረዱ። ይህ ፍርድ ከምድር በታች ያለው ውኃና ከምድር በላይ ያለው ውኃ አንድ መሆኑን በሕግ ፊት ያሳየ ነው።

የቱሶን ምሳሌ

የጠፋ ነገር ከቶ አይመለስም ብለን ተስፋ ቆርጠን እንዳንዘጋው የቱሶንን ታሪክ እንጨምራለን። ቱሶን በሳንታ ክሩዝ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ናት። የከርሰ ምድሩ ውኃ በፓምፕ ሲሳብ ወንዙ ደረቀ፤ ቶፕሚኖዋም ከዚያ ጠፋች። በኋላም በወንዙ አልጋ የሚወርደው የከተማው ፍሳሽ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ሽታው የማይቻልና በአሞንያ የተመረዘ ነበር።

በ2013 ታላላቆቹ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ታድሰው ሥራቸውን ሲጀምሩ የሚለቁት ውኃ እጅግ ጠራ። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2017፣ ባለሙያዎች በከተማይቱ አጠገብ መረብ ቢጥሉ ከሰባ ዓመት በላይ ያልታየችው ቶፕሚኖ ተገኘች! በ2019 ከተማው ከተጣራው ውኃ ከፍሎ በመካከለኛው ሠፈር ባለው ደረቅ የወንዝ አልጋ ለቀቀ፤ በ2020ም ቶፕሚኖ እንደገና ተጨመረችበት። ከተማ የገደለውን ወንዝ የከተማው ፍሳሽ አስነሣው።

ነገሩ ግን ገና አላለቀም። የኮሎራዶ ውኃ ሲያንስ የበረሃ ከተሞች የተጣራውን ፍሳሽ እንደገና አጥርተው ለመጠጥ ለማዋል እየተዘጋጁ ነው። ሰው ሲጠማ ይህ አሳብ አያስነውርም። ሆኖም የመጨረሻዋ ጠብታ እንኳ ወደ ቧንቧ ከተመለሰች ትንሽዋ ዓሣ ለሁለተኛ ጊዜ ትጠማለች። ስለዚህ ከወዲሁ «የወንዙ ድርሻ ይህን ያህል ነው» ብሎ በመዝገብ መጻፍ ያስፈልጋል። ያልተጻፈ ድርሻ በድርቅ ቀን የሚያስታውሰው የለም።

እኛስ?

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ ወደ ሐረማያ ይመልከት። የሐረማያ ሐይቅ የሐረርን ሕዝብ ሲያጠጣ፣ የዙሪያውንም ጫትና አትክልት ሲያለማ ኖሮ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደረቀ፤ ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከሩቅ ጉድጓድ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውኃው ወደ ሐይቁ መመለሱ ደስ ያሰኛል። ትምህርቱ ግን ሊረሳ አይገባም።

ወደ አፋርም እንመልከት። ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአፍዴራ የጨው ሐይቅና በዙሪያው ባሉት ፍል ውኆች ውስጥ፣ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ትንንሽ ዓሦች ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዱን ኢትዮጵያዊው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁን ከኬኔት ላዛራ ጋር በ2001 ለዓለም ሳይንስ አስታውቀዋል። ይህ ዓሣ ፒስተር በባልዲ ከተሸከመው ዓሣ ጋር በዘር የሚዛመድ ነው። እንግዲህ የበረሃ ዓሣ ጉዳይ የእኛም ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ተማሪ የሆነው፣ ነገ ግን የግድብ ንድፍና የጉድጓድ ፈቃድ በጠረጴዛው ላይ የሚቀርብለት ወጣት ሦስት ጥያቄዎች በልቡ እንዲይዝ እንመክራለን። ይህ ውኃ ከመወሰዱ በፊት ማን ይኖርበት ነበር? ከተወሰደ በኋላ ለወንዙ የሚቀርለት ድርሻ ስንት ነው? አብሮ የሚመጣውስ እንግዳ ማን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ አንድ ቀን ይበቃል። ሳይጠይቁ የፈረሙትን ለማቃናት ግን፣ በሞሃቪ ሐይቅ በሌሊት መብራት ይዘው ጫጩት የሚቀዱት ባለሙያዎች እንደሚያውቁት፣ የሰው ዕድሜ አይበቃም።

ከተማው ይጠጣ። ሲጠጣ ግን ከማን ጋር እየተካፈለ መሆኑን ይወቅ።